የበቀቀን መጫወቻ፦ የሚሆነውን ከማይሆነው ለይቶ፣ አጥቦ፣ ሰርቶ መስቀል

ብዙ ሰው መጫወቻ የሚመርጠው ሱቅ ላይ ተሰቅሎ አዲስ ሆኖ እያየው ነው፣ ማሰብ ያለበት ግን ተበጣጥሶ ኬጁ ወለል ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ነው። በቀቀን ያፈርሳል፣ ጤነኛ ከሆነ የግድ ያፈርሳል፣ ማፍረስ ካቆመ እንደውም ሌላ ችግር አለ ማለት ነው። ስለዚ እያንዳንዱን እቃ ከመስቀላችሁ በፊት ሶስት ነገር ጠይቁ፦ ቁራጩ ቢዋጥ ምን ያረጋል? ክሩ እግር ላይ ቢጠመጠም በራሱ ይፈታል? ጣት ወይ ምንቃር ወይ ጭንቅላት ቢገባበት ተመልሶ ይወጣል? ከሶስቱ አንዱን ያላለፈ አይሰቀልም፣ በቃ።

ማሸጊያው ላይ "ለወፍ ሴፍ ነው" የሚል ስላያችሁ እንዳትዘናጉ። አሜሪካ ውስጥ ለህጻናት መጫወቻ ያለው አይነት አስገዳጅ ደረጃ ለወፍ መጫወቻ የለም፣ ማንም ሰርቶ ያንን ስቲከር ሊለጥፍበት ይችላል። ኦንላይን በርካሽ የሚመጡትን ደሞ አንድ በአንድ ብታዩዋቸው እንጨቱ ደህና ሆኖ ጉዱ ያለው ማንጠልጠያው ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚዘጋጁ ነገሮች

ስራ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፣ መሀል ላይ እየተነሳችሁ ስትፈልጉ ነው ነገር የሚዘለለው፦

- ጠንካራ ማግኔት (ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ደካማ ነው፣ ከድሮ ስፒከር የወጣ ይሻላል)
- ስለታም መቀስ፣ የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ፣ መጋዝና ድሪል
- በግራም የሚመዝን የኩሽና ሚዛን
- ሽታ የሌለው የእቃ ሳሙና፣ ብሩሽ፣ በረኪና
- የስቴንለስ ማያያዣ፣ ማለትም በብሎን የሚዘጋው ሞላላ ቀለበት

ሚዛኑን እንዳትንቁት። ወፍ በሽታውን ይደብቃል፣ የሚያሳብቅበት ክብደቱ ነው። ጠዋት ከመመገቡ በፊት በሳምንት ሁለት ሶስቴ መዝኑትና ጻፉ። ግሬይ (ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን) አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ግራም አካባቢ ነው፣ በጂ (ትንሿ በቀቀን) ደሞ ከ30 እስከ 40፣ ስለዚ ግሬይ ላይ 5 ግራም ምንም አይደለም በጂ ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከለመደው ክብደት 10 ፐርሰንት ከቀነሰ ሀኪም ጋር ነው የሚኬደው፣ ቆይ እስቲ ልየው የለም።

የወፍ ሀኪም ስልክ ደሞ ዛሬውኑ ያዙ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ወፍ አያክምም፣ ማታ ላይ ወፉ እየተንቀጠቀጠ ስልክ መፈለግ ከባድ ነው።

1ኛ፦ ኬጁን አራቁቱት

ያለውን መጫወቻ በሙሉ አውጡ፣ የሚወደውንም ጭምር። ጠረጴዛ ላይ አርጋችሁ እያንዳንዱን ፍቱት፣ ገመዱን ለብቻ፣ እንጨቱን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ። ሳይፈቱ በአይን ማየት ዋጋ የለውም ምክንያቱም አደገኛው ነገር ብዙ ጊዜ ውስጥ ነው ያለው፣ ቃጭሉ ውስጥ ያለው መምቻ፣ እንጨቱ መሀል የገባው ሽቦ፣ ጨርቁ ስር የተደበቀ ስቴፕል። ሲፈታ ምን እንደሆነ ያላወቃችሁት ነገር ካለ ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው።

መጠኑንም እዚሁ እዩ። ለበጂ የተሰራ ቀጭን ፕላስቲክ ለግሬይ ወይ ለማካው አይሆንም፣ አንዴ ነክሶ ይሰብረውና ስለታም ስብርባሪ ይሆናል። የትልቁ መጫወቻ ደሞ ለትንሹ አይሆንም፣ የሰንሰለቱ ቀዳዳ ጭንቅላቱን ያስገባል።

2ኛ፦ ብረቱን ለዩ

እዚህ ጋር ቀስ በሉ፣ ይሄ ክፍል ወፍ የሚገድል ነው። ሁለቱ ጠላቶች ዚንክና ሊድ ናቸው። ሊድ ማለት በአማርኛ እርሳስ የምንለው ብረት ነው፣ የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም። ዚንክ የሚገኘው ጋልቫናይዝድ በሆነ፣ ማለትም ላዩ በዚንክ በተለበጠ ነገር ላይ ነው፦ የዶሮ አጥር ሽቦ፣ ርካሽ ሰንሰለት፣ ከእቃ መሸጫ የተገዛ ብሎንና ቀለበት። ሊድ ደሞ የመጋረጃ ጫፍ ማክበጃ፣ የአሳ መንጠቆ ማክበጃ፣ ስታኞ፣ አንዳንድ ቃጭል፣ የድሮ ቀለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት የተሰራ ቤት ከሆነ የምትኖሩት የመስኮቱ ጠርዝ ቀለም ላይ ሊድ ሊኖር ይችላል፣ ወፉ ከኬጅ ወጥቶ መስኮቱን የሚቀረጥፍ ከሆነ መጫወቻውን ብቻ ማጣራት ምንም አይጠቅምም።

እንዲህ ፈትሹ፦

1. ማግኔቱን አስጠጉ። አጥብቆ ከያዘ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፣ ላዩ ደሞ በዚንክ የተለበጠ ሊሆን ይችላል፣ አውጡት።
2. ካልያዘ ገና አላለፈም። 304 እና 316 የሚባሉት ስቴንለሶች ማግኔት አይዛቸውም ወይ በጣም ላላ አርጎ ነው የሚይዛቸው፣ ግን ሊድም ዚንክም ነሐስም አይያዙም። ማግኔት ማስወጫ እንጂ ማስገቢያ ፈተና አይደለም።
3. ላዩን እዩ። ደብዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ በረዶ መስኮት ላይ እንደሰራው አይነት ቅርጽ ያለው፣ ወይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣ ከሆነ ጋልቫናይዝድ ነው።
4. ለስላሳ ግራጫ ብረት ከሆነ ወረቀት ላይ ፈተግ አርጉት። እንደ እርሳስ መስመር ከጣለ ሊድ ነው። እጃችሁን ታጠቡ።
5. ከምን እንደተሰራ የሚናገር ነገር ከሌለው ጣሉት፣ በስቴንለስ ተኩት።

ጋልቫናይዝዱን በአቼቶ አጥቤ እጠቀመዋለሁ የሚል ሰው አለ። አቼቶ የላላውን ዱቄት ይቀንሳል እንጂ ልባጡን አያወጣም፣ እኔ ለሶስት ዶላር ቀለበት ብዬ ይሄን ድርድር አልገባም።

የበር ቁልፍ አትስጡ፣ ሲንኳኳ ይወደዋል አውቃለሁ፣ ግን ቁልፍ የሚሰራበት ነሐስ ሊድ ሊኖረው ይችላል። ሳንቲምም አይሆንም፦ ከ1982 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሰራ የአሜሪካ ፔኒ ላዩ መዳብ ይምሰል እንጂ 97.5 ፐርሰንቱ ዚንክ ነው። ርካሽ የአንገት ሀብል፣ ዚፕ፣ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ ያለው ልብስ እሱም እዛው ነው።

ቃጭል ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ክብ ሆኖ መስቀልኛ ስንጥቅ ያለው ትንሿ ቃጭል ጭራሽ አይገባም፣ ስንጥቁ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ጣት ወይ የታችኛው ምንቃር ገብቶ አይወጣም። የሚሆነው ወፍራም ስቴንለስ የሆነ፣ አፉ ክፍት የሆነ ደወል ነው፣ መምቻው ደሞ በጥርሳችሁ ብትስቡት የማይነቀል መሆን አለበት።

ማያያዣ ላይ የሚከለከሉት፦ የቁልፍ መያዣ ቀለበት፣ የውሻ ማሰሪያ አይነት ባለ ስፕሪንግ መንጠቆ፣ ክፍት የኤስ ቅርጽ መንጠቆ። ምላሱና ምንቃሩ የሚያዘው እነዚህ ላይ ነው። በብሎን የሚዘጋውን ተጠቀሙና በእጅ ከዘጋችሁ በኋላ በፒንሳ ሩብ ዙር ጨምሩበት፣ ግሬይና ኮካቱ የሚባለው በቀቀን ብሎን በምላስ ይፈታሉ።

3ኛ፦ እንጨቱን ምረጡ

የሚሆኑት፦ ያልተቀባና ኬሚካል ያልነካው የፓይን ጣውላ፣ ባልሳ፣ ፖፕላር፣ አኻያ፣ የፖም ዛፍ፣ የዘይቱን ዛፍ፣ ቀርከሃ፣ ባህር ዛፍ። ባህር ዛፍ ስል ከግቢ የተቆረጠ እርጥብ ቅርንጫፍ ማለቴ ነው፣ ለምሰሶ ተብሎ ኬሚካል የተነከረውን አይደለም። ያልተቀባ የአይስክሬም እንጨትም ለትናንሾቹ ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው።

የቡና ዛፍ ግንድም ይሆናል። ውጪ ሱቅ ውስጥ ጃቫ ውድ እያሉ በውድ የሚሸጡት መቆሚያ የቡና ዛፍ ነው። ዘመድ ጋር ጅማ ወይ ሲዳማ ሲገረዝ የተጣለ ግንድ ካገኛችሁ ቅጠሉንና ፍሬውን በሙሉ አራግፉ፣ ጸረ ተባይ ያልተረጨበት መሆኑን ጠይቁ፣ ከዛ እንደሌላው እጠቡና አድርቁ። እንጨቱ ነው የሚሆነው እንጂ ፍሬውና የተፈላው ቡና ለወፍ መርዝ ነው፣ ካፌይኑ ልቡን ነው የሚይዘው። ሲኒ ላይ የቀረ አተላም እንዳያገኝ።

የማይሆኑት፦

- አቮካዶ፦ ፍሬው ብቻ አይደለም፣ ቅጠሉም ቅርፊቱም እንጨቱም አይገባም። ፐርሲን የሚባል ነገር አለው፣ ወፍ ላይ ልብ ያቆማል።
- ቁልቋልና ቅንጭብ፦ ነጭ ወተታቸው ያቃጥላል።
- ጉሎ፣ እንዶድ፣ ብርብራ፣ አስተናግር፦ ግቢያችሁ ውስጥ ካሉ ወፉን አጠገባቸው አታውጡት። ብርብራ አሳ ማደንዘዣ ሆኖ የሚያገለግል ነገር ነው፣ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።
- ኦሊአንደር፦ አበባው ስለሚያምር በየአጥሩ አለ፣ ሁሉ ነገሩ መርዝ ነው።
- የሀበሻ ጥድና ሴዳር፦ ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይት ስላላቸው የመተንፈሻ አካሉን ያስቸግራሉ።
- የጫት ገረባ፦ ሳቁ፣ ግን ተደርጎ አይቻለሁ። አነቃቂ ነው፣ ላዩ ላይ ደሞ ጸረ ተባይ ሊኖር ይችላል።

ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድና ኮምፔንሳቶ ሙጫ ናቸው፣ አይቀረጠፉም። አረንጓዴ ቀለም ጣል ያለበት የውጪ ጣውላ ኬሚካል የተነከረ ነው። ከፓሌት ላይ እንጨት የምታወጡ ከሆነ ማህተሙን ፈልጉ፣ ኤችቲ (HT) የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፣ ኤምቢ (MB) የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል ጋዝ ነው፣ እንዳትነኩት። ኤችቲ ቢሆንም ላዩ ላይ የፈሰሰ ነገር ካለ ወይ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ተዉት፣ ፓሌት ላይ ምን ተጭኖ እንደነበረ ማንም አይነግራችሁም።

4ኛ፦ ገመድና ጨርቅ

ገመድ ሁለት አደጋ አለው። አንዱ ሲተረተር ክሩ ጣት ላይ ይጠመጠምና ደም እንዳያልፍ ያረጋል፣ ሁለተኛው ወፉ ክሩን ትንሽ ትንሽ እያለ ይውጠውና አንገቱ ስር ያለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ኳስ ይሆናል፣ በኦፕራሲዮን ነው የሚወጣው።

ናይለንና የማዳበሪያ ከረጢት ክር ፈጽሞ አይገባም፣ ቀጭን ነው ጠንካራ ነው አይበጠስም። ጥጥ ገመድ ለመቆሚያነት ከተጠቀማችሁ በየቀኑ እያያችሁ ነው፣ ክር እየጎተተ የሚውጥ ወፍ ካላችሁ ግን ጭራሽ አታስገቡት። እኔ የምመርጠው ያልተቀባ ቃጫ ነው፣ ሻካራ ክር ስለሆነ ሲነከስ ይበጠሳል። ጆንያም ያው ነው ማለት አይደለም፣ የጆንያ ክር ፋብሪካ ውስጥ ዘይት ሊነካው ይችላል፣ ጋዝ ጋዝ ከሸተታችሁ ተዉት።

ርዝመቱን እንዲህ ለኩ፦ ከተሰቀለ በኋላ ነጻ ሆኖ የሚንጠለጠለው ጫፍ የወፉን አንገት አንዴ መዞር የሚችል ከሆነ ረዝሟል፣ ቁረጡት። ሁለት ጫፉ ታስሮ ቀለበት የሰራ ገመድ አይኑር። ከ2 ሳንቲ ሜትር የበለጠ የተተረተረ ክር ባያችሁ ቁጥር በመቀስ ከስሩ ቆርጣችሁ ጣሉ።

ባለ ጸጉር ለስላሳ ድንኳንና ጎጆ፣ እነዛ የሚያማምሩት፣ አይሆኑም። ክሩ አለ፣ በዛ ላይ ጨለማና ጠባብ ቦታ ሲያገኝ ጎጆ የሰራ ይመስለዋል፣ ሴቷ ያለ ወንድ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፣ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተይዞ የምትሞት ወፍ አለች። መስታወትም ለበጂ እንደዛው ነው፣ ብቻውን ያለ ወፍ ምስሉን ጓደኛ አርጎ ይይዘዋል።

ነጠላ ለብሳችሁ ትከሻችሁ ላይ የምታስቀምጡት ካላችሁ ደሞ ጥፍሩ ሳሳ ያለው ሽመና ውስጥ ይገባል፣ ሲበር ይጎተታል። ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቀው ክርም ይስበዋል። ነጠላውን አውልቁና ተጫወቱ።

5ኛ፦ ወረቀት፣ ሳር፣ ፕላስቲክ፣ ቆዳ

ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው፣ ብዙ ወፍም ከተገዛ መጫወቻ በላይ ይሄን ነው የሚወደው። ነጭ ወረቀት፣ ስቴፕልና ስኮች የተነሳለት ካርቶን፣ ያልተቀለመ ሰንደዶ፣ የደረቀ የበቆሎ ልባስ ይሆናል። የመሶብ ትርፍ ከሆነ ያልተቀለመውን ብቻ፣ ቀለም ከፈለጋችሁ በምግብ ቀለም ራሳችሁ ንከሩት። የበቆሎ ቆረቆንዳ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ሻጋታ ደሞ ለወፍ ሳንባ ክፉ ነው። ቅልም እንደዛው፣ ውስጡን ፍቃችሁ አድርቃችሁ ካልሆነ አታስገቡ።

የሱቅ ደረሰኝ (ያ በሙቀት የሚታተመው)፣ የሚያብረቀርቅ መጽሔት፣ እንቁላል የነበረበት ካርቶን አይገቡም። የመጨረሻው ሳልሞኔላ ሊኖረው ስለሚችል ነው።

ፕላስቲክ ወፍራምና የማይሰነጠቅ ይሁን። ላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ፊኛ አይሆንም፣ ቆርጦ ይውጠዋል። ቆዳ በእጽዋት የተለፋና ያልተቀለመ ካልሆነ አይገባም፣ ከጫማ ወይ ከቦርሳ የተረፈ ቆዳ አብዛኛው በክሮም የተለፋ ነው።

6ኛ፦ ማጠብና ማድረቅ

1. ቅርንጫፉን በሙቅ ውሃና በእቃ ሳሙና በብሩሽ ፈትጉ፣ ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ጭምር።
2. በረኪና አንድ እጅ ለውሃ ዘጠኝ እጅ አርጋችሁ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ወፉ ሌላ ክፍል ይሁን፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።
3. የበረኪናው ሽታ ጨርሶ እስኪጠፋ አጥቡ። ትንሽም ከሸተተ እንደገና።
4. ኦቭን ካላችሁ ከ95 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አቆዩት፣ አጠገቡ ሁኑ፣ እንጨት ነው እሳት ይነሳል። ኦቭን ከሌለ ትናንሹን 15 ደቂቃ ቀቅላችሁ ውስጡ እስኪደርቅ ድረስ ለቀናት ጸሐይ ላይ አስጡ።

የኦቭኑ ትሪ ወይ ንጣፍ ቴፍሎን ከሆነ አውጡት። ቴፍሎን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ አይታይም፣ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ እናንተን ምንም ላያረጋችሁ ይችላል። በራሱ የሚያጸዳ ኦቭን ያንን ፕሮግራሙን ስታበሩም እንደዛው ነው። ይሄ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ቴፍሎን የተቀባ ምጣድ ላይ እንጀራ የምትጋግሩ ሰዎች ባዶውን አግላችሁ የምትጠብቁበት ሰአት ነው አደጋው፣ ኬጁ ኩሽና አካባቢ ካለ ዛሬ አንሱት። ቡና ሲፈላ የሚጨሰው እጣንና ከሰሉም ወፉ ካለበት ክፍል ይራቅ።

7ኛ፦ አንድ መጫወቻ ስሩ

ለግሬይ የሚሆን ነው፣ ለትናንሾቹ ሁሉንም በግማሽ ቀንሱና ፓይኑን በባልሳ ወይ በአይስክሬም እንጨት ተኩ።

1. የታጠበ ፓይን 3 ሳንቲ ሜትር በ3 ሳንቲ ሜትር አርጋችሁ ስድስት ቁረጡ፣ መሀሉን ብሱ። ቀዳዳው ገመዱን ልክ አርጎ ይያዝ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይኑር።
2. ካርቶን በዛው ስፋት አስር ያህል ቁረጡ።
3. 30 ሳንቲ ሜትር ቃጫ ውሰዱ፣ ታች ጫፉን ድርብ ቋጠሮ አስሩ።
4. እንጨት፣ ሁለት ካርቶን፣ እንጨት እያላችሁ ደርድሩ። ገመዱ እንዲሸፈን ጠጋ ጠጋ አርጉ።
5. አንድ ሁለት ቦታ ላይ ኦቾሎኒ ወይ ለውዝ በነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ በካርቶኖቹ መሀል ሸጉጡ፣ ጨው የሌለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወረቀቱን ጫፍ ክፍት ተዉለት፣ ምግቡን ካላየ አይሞክርም።
6. ላይኛውን ጫፍ ስቴንለስ ማያያዣው ላይ አስራችሁ ትርፉን ቁረጡ። ሙጫ የትም አይገባም።
7. በሙሉ ሀይላችሁ ጎትቱት። እናንተ ከነቀላችሁት እሱ ቁርስ ነው የሚያረገው።

ቋጠሮው እየተፈታ ካስቸገረ ቃጫውን ትንሽ አርጥባችሁ አስሩት፣ ሲደርቅ ይጠብቃል። ፓይኑ ስትበሱት ከተሰነጠቀ ድሪሉ ወፍሯል፣ በቀጭኑ ጀምራችሁ አስፉ።

8ኛ፦ መስቀልና ማስለመድ

ከምግብና ከውሃ እቃ በላይ አትስቀሉ። ክንፉን ዘርግቶ የሚዞርበት ቦታ ተዉ። ከሶስት እስከ አምስት መጫወቻ ይበቃል፣ ቀሪውን አስቀምጣችሁ በየሳምንቱ ቀይሩ፣ ኬጁን የምናምን መደብር ማስመሰል ለእሱም ጭንቀት ነው።

ግሬይ አዲስ ነገር ይፈራል፣ ሰው ገዝቶ ይሰቅልና "አልወደደውም" ይላል። አልወደደውም አይደለም፣ ፈርቶታል። መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ራቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ እያየ እናንተ ተጫወቱበት፣ ወረቀቱን ቀደዱ፣ ለውዙን ብሉ። ካልደነገጠ በየቀኑ ትንሽ አስጠጉት፣ ከዛ ኬጁ ላይ ከውጪ፣ በመጨረሻ ወደ ውስጥ። ላባውን አካሉ ላይ ለጥፎ ቀጠን ካለና ወደ ኋላ ካዘነበለ አንድ ደረጃ ተመለሱ። ማታ አዲስ ነገር አትስቀሉ፣ በተለይ ኮካቲየል የሚባለው ትንሽ በቀቀን ጨለማ ውስጥ ደንግጦ ኬጁን እየመታ ክንፉን ይሰብራል።

የመጀመሪያውን ጊዜ አጠገቡ ሁናችሁ እዩት። እየቀረጠፈ የሚጥል ወፍና እየቀረጠፈ የሚውጥ ወፍ ይለያያሉ፣ ከታች ያለውን ቁርጥራጭ ሰብስባችሁ ከጎደለው ጋር አስተያዩት። የሚውጥ ከሆነ ገመድና ፕላስቲክ ለሱ ተዘግቷል።

ነገር ሲበላሽ

*ብረት ዋጠ ወይ ዋጠ ብላችሁ ጠረጠራችሁ።* ምልክቱን አትጠብቁ፣ ሀኪም ጋር ሂዱ። ማስመለስ፣ ኩሱ ውሃ መብዛት ወይ ደማቅ አረንጓዴ መሆን፣ እግር መክዳት፣ ክንፍ መውደቅ፣ መንቀጥቀጥ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ለማስታወክ አትሞክሩ፣ ወተትና ዘይት አታጠጡ። የተረፈውን መጫወቻ ይዛችሁ ሂዱ። ሀኪሙ ራጅ ያነሳል፣ ደም ለሊድና ለዚንክ ያስመረምራል፣ ብረቱን ከደም የሚያወጣ መድሃኒት አለ፣ ቶሎ ከተጀመረ ይሰራል። አሜሪካ ያላችሁ የኤኤስፒሲኤ የእንስሳት መርዝ መስመር 888-426-4435 ሀያ አራት ሰአት ይሰራል፣ ሊያስከፍል ይችላል።

*ክር ጣቱ ላይ ተጠመጠመ።* አትጎትቱ። በፎጣ ጠቅልላችሁ አንድ ሰው ይያዘው፣ ደረቱን አትጫኑት፣ ወፍ የሚተነፍሰው ደረቱ ሲንቀሳቀስ ነው። መጀመሪያ ከመጫወቻው ጋር የሚያያዘውን ክር ቁረጡ፣ ከዛ ጣቱ ላይ ያለውን ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መቀስ። ጣቱ ካበጠ ወይ ከጠቆረ ወይ ክሩ ስጋው ውስጥ ከገባ እዛው ተዉትና ወደ ሀኪም።

*ምንቃሩ ወይ እግሩ ብረት ውስጥ ተያዘ።* ወፉንም መጫወቻውንም አንድ ላይ ደግፉ፣ እንዲንጠለጠል አትፍቀዱ። ማያያዣውን ከኬጁ ቁረጡት። ብረቱን በፒንሳ መቁረጥ የሚቻለው ሰው ካገዛችሁ ብቻ ነው፣ ካልሆነ እንደተያዘ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሰዱት።

*ጥፍሩ ተነቅሎ ደማ።* የበቆሎ ስታርች ጫፉ ላይ ጫን አርጋችሁ ያዙ። ለጥፍር የሚሸጠው የደም ማቆሚያ ዱቄት ጥፍር ላይ ብቻ ነው፣ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ ቆዳው ከሆነ የደማው በንጹህ ፋሻ ጫኑ። አምስት ደቂቃ ይዛችሁ ካልቆመ ውሰዱት፣ በጂ ውስጥ ያለው ደም ጠቅላላው ከአንድ የሾርባ ማንኪያ በታች ነው።

*ጭስ ገባ።* ወፉን ወዲያው ንጹህ አየር ወዳለበት አውጡ፣ መስኮት መክፈቱ ከዛ በኋላ ነው። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይ ጭራው ከትንፋሹ ጋር ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ከሆነ በመንገድ ላይ እያላችሁ ደውሉ።

ሀኪም ጋር ስትወስዱት ትንሽ መያዣ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ፎጣ፣ ላዩ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሞቅ ባለ መኪና። መቆሚያውንና መጫወቻውን ከመያዣው አውጡ፣ ደካማ ወፍ ከመቆሚያ ይወድቃል። የመጨረሻውን ኩስ ያረፈበትን ወረቀት አጥፋችሁ ያዙ፣ ክብደቱን የጻፋችሁበትንም።